የዳኞችና የጠበቆች ታሪክ በድምፅ ይቀረጽ፤ ለምን? እንዴት?

ሸዋ ሮቢት ላይ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ሲል ሽቅብ ይወጣል። የቀወት ወረዳ ፍርድ ቤትን የውሳኔ ግልባጭ ይይዝና በአርማንያና በደብረ ሲና ያልፋል። ጣልያን በወረራው ዘመን ያስቆፈረውን የጣርማ በር ዋሻ ተሻግሮ ደጋው ላይ ይወጣል፤ ከዚያም ደብረ ብርሃን ከሚገኘው የሰሜን ሸዋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይደርሳል። 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው ቆላ ተነሥቶ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን በር አልፎ ነው አቤት የሚለው። እዚያም ካልቀናው ባሕር ዳር የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አለ። መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ተፈጽሟል የሚል ከሆነ ደግሞ አዲስ አበባ፣ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ድረስ ይዘልቃል።

በየደረጃው መዝገብ ይከፈታል። ክሱ፣ መልሱ፣ የምስክሮች ቃል፣ የሰነድ ማስረጃው፣ በመጨረሻም ፍርዱ ይያያዝበታል። ፋይሉን ከዓመታት በኋላ የሚገልጥ ሰው ማን እንደ ረታና በየትኛው አንቀጽ እንደ ረታ ያገኛል። ዳኛው ያን ውሳኔ ከመስጠቱ በፊት ማን ቢሮው ገብቶ እንደ ነበር፣ ምን እንደ ፈራ፣ ጠበቃው ያለ ክፍያ ለምን እንደ ቆመ፣ ምስክሮቹ ከየትኛው ቀበሌ ስንት ሰዓት በእግር ተጉዘው እንደ መጡ ግን አያገኝም። ይህን የሚያውቁት በችሎቱ የነበሩት ሰዎች ናቸው። እነሱ ካልተጠየቁ የአገሪቱ የፍትሕ ታሪክ ግማሹ አብሯቸው ይሄዳል። ይህ ጽሑፍ የዳኞችንና የመብት ጠበቆችን ትዝታ በድምፅ ቀርጾ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደ ሆነ፣ ለምን እንደሚያስፈልግና እንዴት እንደሚሠራ ያስረዳል።

ነገሩ ምንድን ነው?

ባለሙያዎች አፋዊ ታሪክ ይሉታል። አንድ ሰው የኖረበትንና በዓይኑ ያየውን ነገር፣ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ለመጣ ጠያቂ በረጅሙ ይተርካል። ድምፁ ይቀረጻል፣ ወደ ጽሑፍ ይገለበጣል፣ ተናጋሪው ይፈቅዳል፣ ከዚያ ተመራማሪም ሆነ ተራ አንባቢ ሊያገኘው በሚችልበት ቤተ መዛግብት ይቀመጣል። ከሬዲዮ ቃለ ምልልስ የሚለየው አየር ላይ ለማዋል ተብሎ የማይቆረጥ በመሆኑ ነው። ከምስክርነት ቃል የሚለየው ደግሞ ማንንም ለመክሰስ ወይም ነጻ ለማውጣት የማይቀርብ በመሆኑ ነው። ዓላማው ለሚመጣው ትውልድ ማስረጃ መተው ነው።

ሥራው በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ሥርዓት ይዞ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ኒውዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ በታሪክ ሊቁ አለን ኔቪንስ አማካይነት ነው። ከዚያ ወዲህ ቃላቸውን ለዚሁ ዩኒቨርሲቲ ከሰጡት መካከል ቱርጉድ ማርሻል አንዱ ናቸው። ማርሻል ጥቁሮችና ነጮች በተለያየ ትምህርት ቤት እንዲማሩ የሚያደርገውን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1954 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክረው ያስጣሉ ጠበቃ ነበሩ። በ1961 የይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ በ1967 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆኑ። በደቡብ ከተሞች ለክርክር ሲሄዱ የት እንዳደሩና ማን ዛቻ እንዳደረሰባቸው በፍርዱ ላይ አልተጻፈም፤ እንዲህ ያለውን የሚያስቀረው የሰውዬው የራሱ ቃል ነው። የሥራ ባልደረባቸው ኮንስታንስ ቤከር ሞትሊም እንዲሁ ተቀርጸዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 የፌዴራል ዳኛ በመሆን የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሳቸው ናቸው።

ደቡብ አፍሪካም ከአፓርታይድ በኋላ ይህንኑ አድርጋለች። በአርተር ቻስካልሰን መሪነት እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመው የሕግ ድጋፍ ማዕከል የቀድሞ ጠበቆቹን ትዝታ አስቀርጿል። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ዳኞችም እንዲሁ ቃላቸውን ሰጥተዋል። አንድ አገር ከክፉ ዘመን ስትወጣ የፍርድ ሰዎቿን መጠየቋ ለወግ ብቻ አይደለም። ሕግ በወረቀት ላይ ደኅና ሆኖ ሳለ በተግባር እንዴት እንደሚጣመም፣ በጭንቅ ሰዓት ማን ቀጥ ብሎ እንደ ቆመ የሚታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

በኢትዮጵያ ምን አለ?

የኢትዮጵያ ሙግት ለብዙ መቶ ዓመታት የአፍ ጉዳይ ነበር። ተሟጋቹ ቆሞ፣ በላ ልበልሃ ብሎ፣ ዋስ ጠርቶ፣ በምሳሌና በግጥም ነገሩን አሳምሮ ይከራከር ነበር። ዳኛው ሰምቶ ይፈርዳል፤ ያልረካው ወምበር የሚባሉት ዳኞች ዘንድ፣ ከዚያ የንጉሡ ዋና ዳኛ የሆነው አፈ ንጉሥ ዘንድ፣ በመጨረሻም ንጉሡ ራሳቸው በተቀመጡበት ዙፋን ችሎት ይግባኝ ይላል። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትርነቱን ያገኙት አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ ነበሩ። ከዚህ የቃል ሙግት ወደ ብራና ወይም ወደ ወረቀት የገባው ጥቂቱ ነው። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዝክረ ነገር» እስከ ዛሬ ተፈላጊ የሆነው፣ የቀድሞውን የመሬት፣ የአስተዳደርና የዳኝነት ሥርዓት የሚያውቁት ሳያልፉ ሰብስቦ ስላስቀመጠ ነው።

ከዚያ ወዲህም ጥረቶች አሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚሠሩት በየአገሩ ሽማግሌ እየጠየቁ ነው፤ የጽሑፎቹ መጨረሻ በቃል ሰጪዎች ዝርዝር የተሞላ ነው። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ብዙ ሰነድ ይዟል። በሸገር ሬዲዮ የመዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» የብዙ ታላላቅ ሰዎችን ሕይወት ከልጅነት እስከ እርጅና በራሳቸው አንደበት አስቀርቷል። በ1950ዎቹ የኢትዮጵያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበሩት ዶክተር በረከት ሀብተ ሥላሴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007 ትዝታቸውን በእንግሊዝኛ አሳትመዋል።

ይሁን እንጂ የዳኝነት ታሪካችን እንዲህ በየቦታው ተበትኖ ነው ያለው። መጽሐፍ የሚጽፈው ጥቂቱ ነው፤ ሬዲዮ የሚጠራው ስመ ጥሩውን ነው። በወረዳና በአውራጃ ችሎት ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ በጡረታ የወጣ ዳኛ፣ ከፍርድ ቤት ደጃፍ ጠረጴዛ ዘርግቶ አቤቱታ ሲጽፍ የኖረ ሰው፣ የችሎት ጸሐፊ የነበረች ሴት ማንም አይጠይቃቸውም። ጊዜውም አይጠብቅም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ምሩቃን የወጡት በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ያኔ ሃያ አምስት ዓመት የሆነው ወጣት ዛሬ ሰማንያውን አልፏል።

አንድ የይፋት ሽማግሌ ያየው ፍርድ

ነገሩ ከአዲስ አበባ ርቆ ሲታይ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ይፋት በሚባለው አገር፣ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬ ወይም በደብረ ሲና ዙሪያ፣ ዕድሜው ሰማንያ የሞላ ሰው እንውሰድ። ይህ ሰው በአንድ ዕድሜ ውስጥ ቢያንስ አራት ዓይነት ዳኝነት አይቷል።

መጀመሪያ በልጅነቱ አጥቢያ ዳኛ ነበር። በ1939 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 90 በየአጥቢያው ጥቃቅን ጉዳይ የሚያይ ዳኛ እንዲሾም ፈቀደ። ከዚያ በላይ ከጣልያን መውጣት በኋላ በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 2 የተዘረጋው የፍርድ ቤት እርከን አለ፤ በ1955 ዓ.ም. ተሻሽሎ ወረዳ፣ አውራጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ንጉሠ ነገሥት ፍርድ ቤት ተብሎ ተደራጀ። በላዩ ዙፋን ችሎት አለ። የይፋት ገበሬ በርስት ክርክር ከወረዳ ወደ አውራጃ፣ ከአውራጃ ወደ አዲስ አበባ ሲመላለስ በሬውን የሸጠበት፣ ዓመታት የፈጀበት ዘመን ይህ ነው።

ሁለተኛው አብዮቱ ያመጣው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ በአዋጅ ቁጥር 31 ሲታወጅ፣ የመሬት ክርክር ከመደበኛው ፍርድ ቤት እጅ ወጥቶ በገበሬ ማኅበሩ የፍርድ ሸንጎ እጅ ገባ። ዳኞቹ ገበሬዎች ናቸው። ትናንት ከባለርስት ፊት አጎንብሶ የቆመ ሰው ዛሬ በችሎት ወንበር ተቀመጠ። በከተማም የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ ተቋቋመ። እነዚያ ሸንጎዎች እንዴት ይፈርዱ ነበር? ሕጉን ማን ያነብላቸው ነበር? ቂም ገብቶበት ነበር ወይስ ለድሃው እፎይታ ሆኖት ነበር? መልሱ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ያለውም በሰዎቹ አእምሮ ነው።

ሦስተኛው ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የመጣው የክልል ፍርድ ቤት ነው። ከላይ የተገለጸው የወረዳ፣ የዞን ከፍተኛና የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት እርከን በዚህ ዘመን ቆመ፤ በቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ተተከለ። በሮቢ ወንዝ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ የመስኖ ውሃ ተራ ሲነጠቅ፣ ማሾ የዘራበት ማሳ ድንበር ሲገፋበት የሚከሰው በዚህ ነው።

አራተኛው ከእነዚህ ሁሉ ጎን ለጎን የኖረው የሃይማኖትና የሽምግልና ዳኝነት ነው። ይፋት በመካከለኛው ዘመን የሙስሊሞቹ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የነበረበት አገር ነው፤ አርጎባው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አፋሩ በገበያና በግጦሽ የሚገናኝበት ቆላ ነው። ከጣልያን ወረራ በኋላ በሸሪዓ የሚዳኙት የቃዲና የነይባ ጉባኤዎች በ1934 እና በ1936 ዓ.ም. አዋጆች ሕጋዊ እውቅና አገኙ፤ የዛሬው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል። የሸሪዓ ፍርድ ቤት ራሱ የይግባኝ እርከን አለው። ስለዚህ የይፋት የይግባኝ ዳኞች ሲባል ደብረ ብርሃን ያለው ችሎት ብቻ አይደለም፤ የውርስና የፍቺ ጉዳይ በይግባኝ ያዩ ቃዲዎችም አሉ፤ የደም ጉዳይ ያስታረቁ ሽማግሎችም ቃላቸው ያስፈልጋል።

አራቱን አንድ ላይ ያየ ሰው የትኛው ቶሎ እንደሚፈርድ፣ የትኛው እንደሚከበር፣ የትኛው ለሴት ጆሮ እንደሚሰጥ ማነጻጸር ይችላል። ይህን ማነጻጸር ከነጋሪት ጋዜጣ አናገኘውም። አደጋውም እዚሁ ነው። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ደርሶ መሥሪያ ቤቶች ተዘረፉ፣ ተጎዱ። ጦርነት ባለበት አገር የወረቀት መዝገብ ዕድሜው አጭር ነው። ወረቀቱ ሲጠፋ የሚቀረው የሰው ትዝታ ስለ ሆነ፣ እሱን ሳይመሽ መቅዳት የአካባቢው ሰው ሁሉ ጉዳይ ነው።

ፋይሉ ያልነገረን

ትልልቆቹ የአገር ጉዳዮችም ተመሳሳይ ክፍተት አላቸው። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. 60 ገደማ የቀድሞ ባለሥልጣናትና መኮንኖች በደርግ ትእዛዝ ያለ ፍርድ ሲገደሉ የፍርድ ቤት ወንበር ላይ የነበሩ ሰዎች ነበሩ። በማግስቱ ችሎት ሲገቡ ምን ተሰማቸው? ማን ሥራ ለቀቀ? ማን አገር ጥሎ ወጣ? ማንስ ቀርቶ የተቻለውን አደረገ?

ደርግ ከወደቀ በኋላ በአዋጅ ቁጥር 22/1984 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። በአገሪቱ በአጠቃላይ 5,198 ሰዎች ተከሰሱ። የከፍተኛ ባለሥልጣናቱ ችሎት ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የጥፋተኝነት ፍርዱ የተሰጠው ከ12 ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው። ከዳኞቹ አንዱ የተለየ ሐሳብ አስመዝግበዋል። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጥር 1999 ዓ.ም. የደርጉን መሪ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት በዕድሜ ልክ እስራት ሲቀጣ፣ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። የሕግ ምክንያቱ ተጽፏል። ለ12 ዓመት የእናቶችን ልቅሶ ሲሰሙ የዋሉ ዳኞች፣ ሕዝብ የጠላውን ተከሳሽ እንዲከላከሉ የተመደቡ ጠበቆች ያን ሸክም እንዴት እንደ ተሸከሙት ግን ፍርዱ አይናገርም።

የሴቶችን መብት እንውሰድ። በ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ይድን ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ የ14 ዓመት ልጅ ተጠልፋ፣ ለማምለጥ ስትል ጠላፊዋን ገድላ በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። የቀድሞ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ መዓዛ አሸናፊ ከባልደረቦቻቸው ጋር ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላትና ነጻ ወጣች። ጉዳዩ ለ«ድፍረት» ፊልም መነሻ ሆኗል። ጠለፋ በጋብቻ የሚሰረይበት ድንጋጌ ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. በጸናው አዲሱ የወንጀል ሕግ ቀረ። ወይዘሮ መዓዛ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በዚያ ማኅበር ጽሕፈት ቤት በነጻ ያገለገሉ ሴት ጠበቆች ግን ብዙ ናቸው፤ የእያንዳንዷ ቃል ሕጉ እንዴት እንደ ተለወጠ የሚያስረዳ ምዕራፍ ነው።

የዳኛ ነጻነትን እንውሰድ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ የነበሩት ብርቱካን ሚደቅሳ በሙስና ለተጠረጠሩት የቀድሞ መከላከያ ሚኒስትር ለአቶ ስዬ አብርሃ ዋስትና ፈቀዱ። ተጠርጣሪው ከፍርድ ቤቱ እንደ ወጡ ተመልሰው ተያዙ፤ ብዙ ሳይቆይ በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትና የሚከለክል ሕግ ወጣ። የኢትዮጵያ ዳኞች ይህን ቀን አይረሱትም። ከዚያ በኋላ በየችሎቱ የዋስትና ጥያቄ ሲቀርብ ምን ታሰባቸው? ጥያቄው ለአንዲት ዳኛ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም የሚቀርብ ነው።

በምርጫ 97 ማግስት የደረሰውን ግድያ እንዲያጣራ ፓርላማው ያቋቋመውን አጣሪ ጉባኤ የመሩት ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤል ነበሩ። ጉባኤው በ8 ለ2 ድምፅ የመንግሥት ኃይሎች የወሰዱት እርምጃ ከመጠን ያለፈ ነው ሲል እንደ ወሰነ፣ 193 ሰላማዊ ሰዎች እንደ ሞቱ ሰብሳቢውና ምክትላቸው ወልደ ሚካኤል መሸሻ አገር ጥለው ከወጡ በኋላ ለዓለም ተናገሩ። በኋላ ለፓርላማ የቀረበው ዘገባ የሟቾቹን ቁጥር ሲቀበል እርምጃውን ግን ሕጋዊ አለው። የመጀመሪያውን ድምፅ አሰጣጥ የምናውቀው ሰዎቹ ስለ ተናገሩ ነው።

ይፋት ራሱም በዚህ ታሪክ ውስጥ አለ። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. የቂሊንጦ ማረሚያ ቤት ከተቃጠለ በኋላ ብዙ እስረኞች ወደ ሸዋ ሮቢት ማረሚያ ቤት ተወሰዱ። በቃጠሎው የተከሰሱት እዚያ ድብደባና ስቃይ እንደ ደረሰባቸው ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት አመለከቱ፤ ፍርድ ቤቱም የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እንዲያጣራ አዘዘ። ያን አቤቱታ በችሎት ያቀረቡ ጠበቆች፣ የሰሙት ዳኞች፣ በከተማዋ ሆነው ለታሰረ ዘመድ ስንቅ ያመላለሱ ቤተሰቦች ሁሉም የሚናገሩት አላቸው።

እንዴት ይቀረጻል?

ሥራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ዝግጅት ግን ይጠይቃል።

በመጀመሪያ ያለው መዝገብ ይነበባል። ጠያቂው ዳኛው በየትኞቹ ዓመታት የት እንዳገለገሉ፣ የትኞቹ ሕጎች በዘመናቸው እንደ ወጡ አውቆ ይሄዳል። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የ1958ቱን የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የማያውቅ ሰው ስለዚያ ዘመን ክርክር መጠየቅ አይችልም።

ሁለተኛ ቦታና ሰዓት ይመረጣል። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ከሰዓት በኋላ ቀረጻ የማይሆን ነው፤ ማራገቢያ ከተከፈተ ድምፁ ይበላሻል፤ ከተዘጋ ሽማግሌው ይደክማሉ። ጠዋት፣ ከዋናው መንገድ ራቅ ያለ ክፍል ይሻላል። ደረት ላይ የሚሰካ ማይክሮፎን ያለው መቅረጫ ጥሩ ነው፤ ከሌለ ስልክም ይበቃል፤ ጥሪ እንዳያቋርጠው ግን መስመሩ ይዘጋ። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ማቆየት ለተናጋሪው ከባድ ነው፤ ተመላልሶ መጠየቅ ይሻላል። ቀረጻው ሲጀመር ጠያቂው ቀኑን፣ ቦታውንና የሁለቱን ስም በድምፅ ይናገራል።

ሦስተኛው አጠያየቁ ነው። «በዘመንዎ ፍርድ ቤት ነጻ ነበር?» የሚል ጥያቄ አጭር መልስ ይዞ ይመለሳል። «ጋሼ፣ የመጀመሪያውን የነፍስ ግድያ መዝገብ ሲይዙ ከጎንዎ ማን ተቀምጦ ነበር? ፍርዱን የጻፉት የት ሆነው ነው? በማግስቱ ማን አነጋገረዎት?» ሲባል ግን ዘመኑ ይከፈታል። ሰው የሚያስታውሰው የሆነውን ነገር ነው፤ ጠቅላላ አስተያየት ኋላ ይመጣል። ዓመት ሲጠፋ በታወቀ ድርጊት ማስታወስ ይረዳል፤ ከ66ቱ ድርቅ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ዕድገት በኅብረት ዘመቻ ዘማቾች የመጡ ጊዜ ነው? ኢሕአዴግ ሲገባ የት ነበሩ?

እዚህ ላይ የእኛ ባህል አንድ ፈተና ያመጣል። ሽማግሌን ማቋረጥ ነውር ነው፤ ዳኛ የነበረን ሰው «ተሳስተው ይሆን?» ብሎ መጠየቅ ይከብዳል። ይሉኝታው መልካም ነው፤ ሆኖም ሁሉን ነገር ከጋረደ የሚቀረጸው ውዳሴ ብቻ ይሆናል። መፍትሔው አክብሮትን ሳይለቁ ጥያቄውን በሌላ ሰው ቃል ማቅረብ ነው፤ «እትዬ፣ በዚያ ጊዜ ተከራካሪዎች ችሎቱ ያዘገይ ነበር ይላሉ፤ እርስዎ እንዴት ያዩታል?» ዳኛዋ ቅር ሳይላቸው ይመልሳሉ።

አራተኛ ቃሉ ከሌላ ማስረጃ ጋር ይተያያል። ሰው ይረሳል፣ ሁለት ችሎት አንድ አድርጎ ይተርካል፣ በኋላ የሰማውን ያየው ይመስለዋል። ስለዚህ የመዝገብ ቁጥር ከተገኘ ውሳኔው ይፈለጋል፤ ዳኛው የነገሩንን ጠበቃውና የችሎት ጸሐፊዋ ለየብቻ ይጠየቃሉ። ልዩነት ቢገኝ አይሰረዝም፤ ሁለቱም ይቀመጣል። ከዚያ ድምፁ ሳይታረም፣ ሳይዋብ በጽሑፍ ይገለበጣል፤ ተናጋሪው አንብበው ወይም ተነቦላቸው ያጸድቃሉ።

ምን ይነገራል፣ ምን አይነገርም?

የሕግ ሰዎች ከሌላው ተራኪ የሚለዩት ምስጢር ስላለባቸው ነው። ጠበቃ ደንበኛው የነገረውን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ጥብቅና ቢተውም ግዴታው አብሮት ይኖራል። የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎትን የሚመራው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው፤ ጠያቂ ሊያውቀው ይገባል። ዳኞችም በዝግ የመከሩትን እንደ ፈለጉ አይዘረግፉም፤ በይግባኝ ላይ ስላለ ጉዳይ አይናገሩም። በድፍረት የተጠቃች ልጅ፣ በፍቺ የተካሰሱ ባልና ሚስት ስማቸው በቀረጻው እንዳይወጣ ማድረግ የጠያቂው ኃላፊነት ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ የሕግ ግዴታም ሆኗል።

ለዚህ የተፈተነ መላ አለ፤ ፈቃድ በጽሑፍ መውሰድና ምርጫ መስጠት። ተናጋሪው «ዛሬውኑ ይከፈት»፣ «እስከዚህ ዓመት ይዘጋ»፣ «ከሞትሁ በኋላ ይሰማ» ወይም «ስሜ ይቅር» ማለት ይችላሉ። እንደ ቃላቸው ካልተፈጸመ ሁለተኛ ማንም አይናገርም፤ ስለዚህ የተቀበለው ተቋም ለዚህ ቃል የሚታመን መሆን አለበት። በተለይ ነገሩ ገና ትኩስ በሆነበት አካባቢ፣ ቀረጻው ተናጋሪውን ለጥቃት የሚያጋልጥ ከሆነ መዝጋት ወይም ማዘግየት ይሻላል። ከታሪኩ በፊት የሰውዬው ደኅንነት ይቀድማል።

የት ይቀመጥ? ማንስ ይሥራው?

አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ቀረጻ እንደ ጠፋ ይቆጠራል። ቢያንስ ሦስት ቅጂ፣ በሦስት ቦታ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከአካባቢው የራቀ ቢሆን ይመረጣል። ለይፋትና ለጣርማ በር ቅርቡ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የሕግ ትምህርት ቤት አለው፣ ከተማሪዎቹም የአካባቢው ልጆች አሉ። ሁለተኛው ቅጂ ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ሦስተኛው በአዋጅ ቁጥር 179/1991 የአገርን መዛግብት የመሰብሰብ ሥልጣን ላለው ለብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም ለወመዘክር ሊሰጥ ይችላል።

ሠራተኞቹን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አንድ የሕግ መምህር፣ አንድ የታሪክ መምህርና ጥቂት የዓመቱ ተመራቂዎች በክረምት ወደየአገራቸው ሲመለሱ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ቢጠይቁ በጥቂት ዓመት የአካባቢው የፍርድ ታሪክ ይሰበሰባል። የጠበቆች ማኅበራት ለአባሎቻቸው ይህን ቢያደርጉ፣ ፍርድ ቤቶች ዳኛ ጡረታ ሲወጣ ከሽኝቱ ጋር የቀረጻ ቀጠሮ ቢይዙ ወጪው እጅግ ትንሽ ነው።

ለአንባቢ አንድ ቃል እናክል። በቤተሰብዎ ዳኛ፣ ጠበቃ፣ ቃዲ፣ የሸንጎ አባል፣ የችሎት ጸሐፊ ወይም አቤቱታ ጸሐፊ የነበረ ሰው ካለ፣ ተቋም እስኪመጣ አይጠብቁ። ፈቃዳቸውን ይጠይቁ፣ ስልክዎን ይክፈቱ፣ ቀኑንና ቦታውን ይናገሩ፣ ስለ መጀመሪያው የችሎት ውሏቸው ይጠይቋቸው። የቀረጹትን ገልብጠው ሁለት የሚያምኗቸው ሰዎች ዘንድ ያስቀምጡ፤ ዩኒቨርሲቲውም ሆነ ቤተ መዛግብቱ ሊቀበልዎት ይችላልና ወስደው ያሳዩ። ፍርድ የሕዝብ ነው፤ ታሪኩም የሕዝብ ሆኖ መቀመጥ አለበት።